የሙርተዛ ጉትቻ

ሰኺዳድ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። አውስትራሊያ፣ ዳንዴኖንግ ውስጥ ካለነው የአፍጋኒስታን ሃዛራዎች መካከል መታጠቢያ ቤቱን ለሌላ ሰው ያሠራ ካለ፣ ወይ ገና ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ርካሽ ፈልጎ እጁን የተቃጠለ ነው። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ስለሚውል የቤት ተጋሪው ኤዋዝ «ከመስጊዱ ሙላህ ይልቅ አንተ ብዙ ሰገድክ» እያለ ያሾፍበታል። እጁ የዋዛ አይደለም፤ እሱ ያነጠፈው አይወላገድም፣ ውሃም አያስገባም። አንደበቱ ግን ለብቻው ነው። ሰኺዳድ አንድ ቃል ከአፉ ለማውጣት አንድ ክፍል ከማንጠፍ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል።

ታሪኩን ከአገሩ ከጃጎሪ ተራሮች እንጀምር ብንል መሽቶ ይነጋብናል። ባጭሩ፣ አፍጋኒስታን ውስጥ ሰው ነፍሱን ይዞ በሚሮጥበት ጊዜ ሚስቱንና የሦስት ዓመት ልጁን ሙርተዛን ፓኪስታን፣ ኬታ ከተማ፣ ወንድሙ ቤት አስጠግቶ እሱ በጀልባ ባሕር ተሻገረ። አውስትራሊያ ተቀበለችው፤ ነገር ግን በጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። ጊዜያዊ ፈቃድ የያዘ ሰው ደግሞ ቤተሰብ ማምጣት አይችልም። ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ። ብዙ ቆይቶ ሕጉ ተቀየረና ቋሚ መኖሪያ ተሰጠው። የዚያን ዕለት የምስጋና ሰላት ሰገደ፤ በማግስቱ በነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጡበት ቢሮ ሄዶ ለሚስቱና ለልጁ ማመልከቻ አስገባ።

የሚስቱን ስም እዚህ ላይ መንገር ነበረብን። ዳሩ ግን ባለቤቱ ዝም ባለበት እኛ ቀድመን ብንዘላብድ ነውር ነው። በኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚስቱን ስም ሰው ፊት አያነሳም፤ «የልጄ እናት» ይላል፣ «ቤተሰቤ» ይላል፣ ሲቸግረው «ቤት ያሉት» ይላል። ማመልከቻውን የሞላችለት ጠበቃ ጁዲት የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ደግ ሴት ነበረች። «የሚስትህ ስም ማነው?» ብላ ስትጠይቀው ሰኺዳድ አፉን አልከፈተም። የፓስፖርቷን ቅጂ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገላት፤ እሷም ምንም ሳትጠረጥር ገልብጣ ጻፈችው።

የልጁ ጉዳይ ቀላል ሆነ። የሚስቱ ላይ ግን ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ጥያቄ ተከተለ። ጋብቻው የታሰረው በመንደር ሙላህ፣ በቃል ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ኬታ ውስጥ፣ ሠርጉን በልተናል ባሉ ሁለት ሽማግሌዎች ምስክርነት ነው። በዚያ ላይ ባልና ሚስቱ ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም።

ጁዲት እሱ በሚገባው እንግሊዝኛ ቀስ ብላ አስረዳችው። «ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ይህ ትዳር ዛሬም አለ ወይ? እንደ ባልና ሚስት ትጠያየቁ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አምጣልኝ። ካልተገኘ ልጁ ተፈቅዶለት እሷ እንዳትቀር እፈራለሁ።»

«ማስረጃ?» አለ ሰኺዳድ፤ ፊቱ በራ። «ማስረጃማ ሞልቷል!»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሯል። መስጊድ ቤት የቆጠራት ፊደል ብዙም ባትሆን ለዚህ አላነሰችውም። ወደ ኬታ የሚሄድ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር አንድ ደብዳቤ ይልካል። ሚስቱም አንዱን እንኳ አልጣለችም። ላኪልኝ ሲላት፣ በእጇ ጥልፍ ጠልፋ በሰፋችው የጨርቅ ከረጢት ሞልታ በመንገደኛ ሰደደችለት። ከረጢቱ ሲደርሰው ሰኺዳድ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እንደ ሎተሪ ባለ ዕድል እየፈነደቀ ወደ ተርጓሚዋ ወደ ናሂድ በረረ።

ናሂድ የአፍጋኒስታኗ ሄራት ልጅ ናት፤ ቢሮዋ ከሥጋ ቤቱ በላይ ነው። ዳንዴኖንግ ውስጥ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ወረቀት የሚያስተረጉም ሁሉ በሥጋ ቤቱ ውስጥ አልፎ አንድ ጠባብ ደረጃ ይወጣል። ምላሷ ፈጣን ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው። ይህን የሚያውቀው ግን ምላሷን የታገሠ ብቻ ነው።

ሻይ ቀድታለት አንደኛውን ደብዳቤ ገለጠች። ሁለተኛውን አየች። ከመሐል አንድ መዘዘች፣ ከታች አንድ መዘዘች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«‹ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለሙርተዛ። ሰላምታዬ ይድረስህ። ጉልበትህን አሁንም ያምሃል ወይ? የላክሁልህን ቅባት ማታ ማታ እሸው፤ ጠዋት ጠዋት አይደለም።›»

ሰኺዳድ ሻዩን ፉት አለ።

«‹ለዓይኔ ብርሃን ለሙርተዛ። ያንተን የመሰለ ዳቦ የሚጋግር ሰው እዚህ አገር አላገኘሁም።›» ናሂድ ቀና ብላ አየችው፤ ቀጠለች። «‹ለልጄ ለሙርተዛ። ጉትቻህን ሸጥህ የሚል ወሬ ሰማሁ። የቤት ኪራይ ጎደለን ብትለኝ እኔ አልልክም ነበር? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታደርግ። ሲመሽም ለብቻህ ወደ ቦኖው አትውረድ።›»

ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ካካ» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ሙርተዛ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አራት ሞልቶት ነበር።»

«የአራት ዓመት ልጅ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ባለ ጉትቻ።»

የሰኺዳድ ጆሮ ቀላ። «ኻኖም ናሂድ፣ እመቤቴ፣ እርስዎ የአገር ልጅ ነዎት። ይገባዎታል። ደብዳቤው የሚነበበው የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው። ወንድሜ አለ፣ የወንድሜ ጎረምሶች አሉ፣ ጎረቤት አለ። እሷ ፊደል አታውቅም። እና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት…»

«እኔማ ይገባኛል። አባቴም እስር ቤት ሳለ ለእናቴ የሚጽፈው በታላቅ ወንድሜ ስም ነበር። ወንድሜ በሰባት ዓመቱ ‹እርግዝናህ እንዴት ነው?› የሚል ደብዳቤ ተነቦለት ሲያለቅስ ውሎ አደረ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሰኺዳድ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

«እንግዲያው ምን ችግር አለ? ሙርተዛ የሚለውን ይተዉና እሷን ያስገቡ።»

«ማንን?»

«እሷን ነዋ።»

«እሷ ማን ናት? ስም የላትም?»

ሰኺዳድ መስኮቱን አየ። ናሂድ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ማኅተም አንስታ አሳየችው። «ካካ፣ ይህንን ሲሰጡኝ አስምለውኛል። የተጻፈውን እተረጉማለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። የማውቀውን እንድተረጉም አልተፈቀደልኝም። እዚህ ከረጢት ውስጥ ሚስት የምትባል ሴት የለችም። ይህ ሲተረጎም ልጁን የሚወድ አባት መሆንዎን ይመሰክርልዎታል። ባል መሆንዎን ግን አይናገርም።»

የዚያን ጊዜ «እርስዎ» ከሰኺዳድ አፍ ጠፋ። «አንቺ ሴትዮ!» አለና ተነሳ። «ዘጠኝ ዓመት ጉልበቴ እስኪላጥ የተንበረከክሁት ለማን ነው? ለጎረቤት ሚስት ነው? ቁርስ ላይ የማስበው፣ ማታ የማስበው ማንን ነው? ባል አይደለህም ልትዪኝ ነው?»

«ይኸው!» አለች ናሂድ፤ ጠረጴዛውን መታች። «ይህንኑ ነው የሚፈልጉት! ይህንኑ በእጅዎ ይጻፉት። በራስዎ ቋንቋ፣ ስሟን ጠርተው፣ ለምን በልጁ ስም እንደጻፉ ገልጸው። ቃለ መሐላ ይሁን። እኔ እተረጉመዋለሁ።»

«ስሟን?»

«አዎ፣ ስሟን።»

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አለና ደረጃውን እየረገጠ ወረደ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

ቤት ሲገባ ኤዋዝ ምስር እያማሰለ ነበር። ኤዋዝ የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ አፉ ሥራ ፈቶ አያውቅም። የሆነውን ሲሰማ ማማሰያውን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠና እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ላላ፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ አየር ማረፊያ ቆመህ የምትቀበለው ጉትቻ ያደረገ ሙርተዛን ነው!»

«ዝም በል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«አንተ ዝም ብለህ ምን አገኘህ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሚስት አለኝ ትላለህ፤ ሚስትህ እንደሆነች በወረቀት ተናገር ሲሉህ ትቆጣለህ።»

«አባቴ የእናቴን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። አያቴም አልጠራም። እኔ ፈረንጅ አንብቦ እንዲያዛጋበት ልስጠው?»

ኤዋዝ መሳቁን ተወ። ምስሩን ከእሳቱ አወረደና ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። ኤዋዝ ሚስቱ ኬታ የሞተችበት ሰው ነው። ስለ እሷ አያወራም፤ ሌላውን ሁሉ ሲያወራ የሚውለውም ምናልባት ለዚሁ ይሆናል።

«የኔዋ ስትሞት» አለ፣ «ወንድሞቿ ደውለው መቃብሯ ላይ ምን ይጻፍ አሉኝ። ‹የኤዋዝ ባለቤት› በሉ አልኳቸው። ነውር እንዳይሆን ብዬ። ልጆቼ ዛሬ እናታቸው መቃብር ሄደው ፋቲሓ ሲያደርጉ ድንጋዩ ላይ የሚያነቡት የኔን ስም ነው። እኔ እዚህ ዶሮ እየበለትኩ፣ እዚያ የተቀበርኩት እኔ እመስላለሁ። እሷ ግን የትም የለችም።» ማማሰያውን አጠበው። «የኔ አልፏል ላላ። ያንተዋ ገና በሕይወት አለች።»

ምስሩን አብረው በሉት። ኤዋዝ ጨው አብዝቶበት ነበር፤ ሰኺዳድ ግን ጣዕሙን ልብ አላለውም።

በሚቀጥለው ቀን የስልክ ካርድ ገዛና ደወለ። የሰኺዳድ ቤተሰብ ስልክ ሲያወራ ስልኩ ምንጣፉ መሐል ይቀመጣል፣ ድምፁ ይከፈታል፣ ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣል። «እንዴት ናችሁ?» ይላል እሱ። «ደህና ነን» ይላሉ እነሱ። ያቺ «ናችሁ» ውስጥ እሷ አለችበት፤ ያቺ «ነን» ውስጥም የእሷ ድምፅ ከሌላው ተቀላቅሎ ይሰማዋል። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ኖረ። የዚያን ቀን ግን፣

«ሙርተዛ፣ ድምፅ ማጉያውን አጥፋና ስልኩን ለእናትህ ስጥ» አለ።

«ለእናቴ?» አለ ልጁ፤ አሁን ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። «አባዬ ምን ሆንክ? ታመምክ እንዴ?»

«ስጣት ብያለሁ።»

ወዲያ ማዶ መንሾካሾክ ተሰማ፤ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ወዲህም ኤዋዝ ለጨዋነት ብሎ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ ጆሮው ግን ሬዲዮው ጋ አልነበረም።

«ደህና ነህ?» አለች።

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ላማክርሽ ነው።» አለና ቀጠለ። «ስምሽን ጻፍ አሉኝ። የመንግሥት ወረቀት ላይ። ወንዶችም ያነቡታል። አንቺ ካልወደድሽው እምቢ እላለሁ፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

ዝምታዋ ስለረዘመ ካርዱ ያለቀ መሰለው።

«ረሳኸው እንዴ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ስሜን።»

«አልረሳሁም!»

«እንጃ። አንተ ጠርተኸኝ አታውቅም። ትጠራኝ የነበረችው እናቴ ነበረች፤ እሷም ሞተች። እዚህ ቤት የሙርተዛ እናት ነኝ፣ ወይ የሰኺዳድ ቤት ነኝ። አንዳንዴ ለራሴም ይጠፋኛል።» ትንፋሿ ይሰማ ነበር። «ጻፈው። በትልቁ ጻፈው።»

የዚያን እሑድ ሰኺዳድ ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ኤዋዝን ከቤት አባረረው። ኤዋዝም ሳይከራከር ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያዋ መስመር የወሰደችበትን ጊዜ መናገር አያስፈልግም። ከእርሷ በኋላ ግን ብዕሩ አልቆመም። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ሰኺዳድ የምጽፈው እውነት ነው፤ አላህ ምስክሬ ነው። ሚስቴ ጉልአንዳም ትባላለች። በኛ አገር የሚስትን ስም ሰው ፊት ማንሳት እሷን ማዋረድ ነው ተብለን አድገናል፤ ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ሁሉ በልጄ በሙርተዛ ስም ጻፍሁ። ሙርተዛ ያኔ ሕፃን ነበር። ጉልበቱን አያመውም። ዳቦ አይጋግርም። ጉትቻ የለውም። ጉልበቷን የሚያማት ጉልአንዳም ናት፤ ልጄን አዝላ ተራራ ስታቋርጥ ወድቃ ነው። ጉትቻው የጉልአንዳም ነው፤ የሠርጋችን ዕለት እናቴ ያደረገችላት ነው። የቤት ኪራይ ሲጎድል ለእኔ ሳትነግረኝ ሸጠችው። ወደ ቦኖው በጨለማ አትውረድ ያልኩት ጉልአንዳምን ነው፤ ሰፈሩ ጥሩ ስላልሆነ እፈራላት ነበር። ‹እንዴት ናችሁ› ባልኩ ቁጥር የምጠይቀው ጉልአንዳም እንዴት ናት ብዬ ነው። ለሌላው ሰው ደህንነት ግድ የለኝም ማለቴ አይደለም። ብቻ ቀድሜ የምሰማው የእሷን ድምፅ ነው። እሷን ትታችሁ ልጁን ብቻ ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ግን እናቱ የት አለች ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት የለኝም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ማግስቱን ደረጃውን ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። ናሂድ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ተነሳችና ከመደርደሪያው ላይ ምናምን የምትፈልግ መሰለች፤ መደርደሪያው ላይ ግን የተጣጠፈ ካርቶን እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ከባድ ነው?» አለ ሰኺዳድ። «አይተረጎምም?»

«ይተረጎማል ካካ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ይህንን የማልተረጉም ከሆነ ማኅተሙን ልመልስላቸው።»

«ባለፈው አንቺ ብዬሻለሁ… ብዬዎታለሁ። ይቅርታ።»

«አንቺ በለኝ። ደስ ይለኛል።»

እስኪያልቅ ድረስ አብሯት ተቀመጠ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ተረጎመቻቸው፤ አንድም ቃል አልነካችም፤ ሙርተዛ ሙርተዛ ሆኖ ቀረ። ግን ከላይ የሰኺዳድ ቃለ መሐላ ስላለ፣ ያ ባለ ጉትቻ ሕፃን አሁን ማን እንደሆነ ማንም ያነበበ ሰው ያውቃል። ለጁዲት ከመስጠቷ በፊት «እንግሊዝኛውን ላንብብልህ?» አለችው። ከሚነበበው ግማሹን አልተረዳውም። ጉልአንዳም በምትለዋ ቦታ በደረሰች ቁጥር ግን አንገቱን ነቀነቀ።

የሚያደርግላት ነገር ጠፋው። ሽቶ ሊገዛላት አሰበ፤ ስጦታ እንደማትቀበል ያውቃል። የሥጋዋን ሒሳብ እኔ ልክፈልላት ብሎ እንኳ ሞከረ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ሳቀበት። ከዚያ የቢሮዋ ሻይ ማፍያ አጠገብ ወለሉ ተሰነጣጥቆ እንደነበር ትዝ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን ተሸክሞ ደረሰ፤ ሳያስፈቅድ ተንበረከከ።

«ካካ፣ ከባለጉዳይ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው አላልኩህም?»

«ላንቺ ማን ሰጠሽ?» አለ ቀና ሳይል። «እኔ የሰጠሁት ለወለሉ ነው።»

መልሱ እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ሰኺዳድ ሰው ቤት መታጠቢያ ውስጥ እጁ በሲሚንቶ ተለውሶ እያለ ስልኩ ጮኸ። ጁዲት ነበረች። «ሁለቱም» አለችው። «ሰኺዳድ፣ ሁለቱም ተፈቀደላቸው። ሚስትህም።» ስልኩ በሲሚንቶ ተለጠፈ፤ ሰውየው ገና ባልደረቀው ወለል ላይ ተቀመጠ። ያንን ወለል በኋላ አፍርሶ እንደገና አነጠፈው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰኺዳድን ያየ ሰው ምን ሆነ ይል ነበር። ጁዲት ቢሮ ሄዶ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ለናሂድ በየሰላቱ ዱዓ ያደርግላታል። ያንን ጥያቄ የጻፈውን፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን የመሥሪያ ቤት ሰው እንኳ አልረሳውም።

«ለእሱም ዱዓ ታደርጋለህ? ያን ያህል አስጨንቆህ?» አለው ኤዋዝ።

«እሱ ባይጠይቀኝ ኖሮ ሳልናገር እሞት ነበር» አለ ሰኺዳድ። «ለአንተም አደርጋለሁ። ለባለቤትህም። ግን ስሟን አላውቀውም፤ ዱዓው ጎደለብኝ።»

ኤዋዝ ነገረው። ስሟ ዘይነብ ነበር።

እናትና ልጅ የደረሱ ዕለት እኛም አየር ማረፊያ ነበርን። ሰኺዳድ አዲስ ኮት ለብሷል፤ ኤዋዝ አበባ ይዟል። በሩ ተከፈተና ሙርተዛ ወጣ፤ አባቱን በቁመት ሊያክል ምንም አልቀረውም። ከኋላው እሷ፣ በጉልበቷ ትንሽ እያነከሰች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ያን የመሰለ ወረቀት የጻፈ ሰው አሁን ምን ይል ይሆን ብለን።

ሰኺዳድ ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ ሻንጣዋን ተቀበላትና መሬቱን እያየ፣ «ደህና ገባችሁ?» አላት።

ናችሁ፣ ገባችሁ! ኤዋዝ አበባውን በአፉ ሊነክሰው ምንም አልቀረው። ሰውየው ጻፈ እንጂ መቼ ጠራ! እሷም «ደህና ገባን» ብላ ፈገግ አለች፤ ጥቂት ቆይታ አየችውና መንገድ ጀመሩ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት፣ አንድ ዓርብ ከሰላት በኋላ፣ «ወረቀቱን የተረጎመችልህን ሴት አሳየኝ፤ ላመሰግናት እፈልጋለሁ» አለችው። ከኬታ ያመጣችውን ዘቢብ በእጅዋ በጠለፈችው መሐረብ ቋጥራ ያንን ጠባብ ደረጃ ወጣች። ናሂድና እሷ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ እንደ እህትማማች ተያዩ። ሻይ ተቀዳ። ጉልአንዳም ሻይዋን ሳትነካ፣

«የጻፈውን አንብቢልኝ» አለች።

ሰኺዳድ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «ሥጋ ልግዛ… ወረፋው ሳይበዛ» አለና ወረደ። ታች ሥጋ ቤቱ በዓርብ ሰው ጢም ብሎ ነበር። መስጊድ የሚያውቁት ወንዶች ሁሉ ተሰልፈዋል፤ ኤዋዝም አለ። ሰኺዳድ ከወረፋው መጨረሻ ቆሞ የጣሪያውን አምፖል ማየት ጀመረ።

ላይ ቤት ናሂድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላት። ጉልአንዳም እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሰማች።

«ስሜ ያለበትን ድገሚልኝ።»

«የቱን? ብዙ ቦታ ነው።»

«ሁሉንም።»

ደገመችላት። ጉልአንዳም በመሐረቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ተነሳች። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመች። ከዚያ የሚታየው የወንዶች ራስ ብቻ ነው፤ ቆብ፣ ሻሽ፣ መላጣ። የሃዛራ ሴት፣ ያውም ወንድ በተሰበሰበበት፣ ባሏን በስሙ የጠራችበትን ቀን ያየ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

«ሰኺዳድ!»

ቢላዋው በአየር ላይ ቀረ። ወረፋው በሙሉ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ጀመረና ኤዋዝ እግሩን ረገጠው። ሰኺዳድ ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ፤ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሰዉ አየ፣ ከዚያ ደረጃውን ሽቅብ አንጋጦ አያት።

«አቤት፣ ጉልአንዳም!» አለ፣ ሁሉም እየሰማ።